ጎር ይሂድ ወይስ ይቆይ? የኦርላንዶው ስብሰባ፣ የወርዋሪዎቻችን ተራ እና የዝውውር ወሬው

የቀኝ መስክ ወንበር

ጤና ይስጥልኝ የዚህ መድረክ የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቤተሰቦች። የሠላሳዎቹ ቡድኖች ኃላፊዎች ለዲሴምበር 2025ቱ ዓመታዊ የክረምት ስብሰባ ኦርላንዶ ከትመዋል። እኔም ከእሑድ ጀምሮ ስልኬን ከእጄ የማስቀምጠው መኪና ስነዳና ስጸልይ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ወርዋሪያችን ማኬንዚ ጎር ወደ አራት የተለያዩ ከተሞች ሲሄድ አንብቤአለሁ። ይህን ስጽፍ ግን አሁንም የእኛ ነው።

አቋሜን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ጎር መሸጥ የለበትም። የ2025 የመክፈቻ ዕለት ሜዳው ውስጥ ነበርኩ። ፊላዴልፊያ ከእነ ኃይለኛ መቺዎቿ መጥታለች፣ እኔም የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ነው የሄድኩት። ልጁ ቀኝ እግሩን እስከ ደረቱ ያነሳና ለአፍታ እዚያው ያቆየዋል፤ ከዚያ ኳሱ ይወጣል። አየነው ማለት ይከብዳል፤ ከተቀባዩ ጓንት ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ ግን ሰማነው፤ ቆዳ በቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን። በስድስት ኢኒንግ (ዙር) 13 መቺ በስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን ሳይመቱ፣ አስወጣ፣ አንድ ምት ብቻ ሰጠ፣ ማንንም በነጻ አላሳለፈም። እሱ ሲወርድ ጨዋታውን ለተቀያሪ ወርዋሪዎች አስረከብን፤ ከዚያ ያው የእኛ ሃርፐር፣ ይቅርታ፣ የእነሱ ሃርፐር፣ ሆም ረን መታ፣ ኳሷን ከአጥር ውጭ አደረጋት፤ በአሥረኛው ኢኒንግ 7 ለ 3 ተሸንፈን ወጣን። ቢሆንም ወደ ቤቴ የተመለስኩት እንዳሸነፈ ሰው ነው።

አሁን እሱን አውጡትና የቀረውን ቁጠሩ። ጆሳያ ግሬይ በ2024 የክርን ጅማቱ ተቀይሮለት በ2025 ለዋናው ቡድን አንድም ኳስ አልወረወረም። ዲጄ ኸርዝ ባለፈው የጸደይ ወር በዚያው ቀዶ ሕክምና ገባ። ትሬቨር ዊሊያምስም ክርኑ። ኬድ ካቫሊ በ2023 በዚያው ቀዶ ሕክምና ገብቶ ወደ ዋናው ሊግ የተመለሰው በዚህ ዓመት ኦገስት ላይ ነው። በየአምስት ቀኑ እየተፈራረቁ ጨዋታ የሚጀምሩ ወርዋሪዎችን ተራ መሙላት የሚችሉት ጄክ ኧርቪን፣ ሚቸል ፓርከርና ብራድ ሎርድ ናቸው፤ ጎበዞች ናቸው፣ ነገር ግን ከእነሱ መካከል ተቃራኒ ቡድን ከአንድ ቀን በፊት ስሙን አይቶ የሚጨነቅበት ማን አለ?

ሁለተኛ ቤዝ

ወንድሜ፣ አጻጻፍህ እንባ ያስመጣል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይላል። በ2025 ዓመቱን የጨረስነው በ66 ድልና በ96 ሽንፈት ነው። በጁላይ የቡድኑ ኃላፊ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። አሁን አዲሱ ኃላፊ፣ የ35 ዓመቱ ፖል ቶቦኒ፣ ከቦስተን መጥቶ ቤቱን ከመሠረቱ እየገነባ ነው፤ አሠልጣኙ ብሌክ ቡቴራ ደግሞ 33 ዓመቱ ነው። ጎር ከእኛ ጋር የሚቆየው 2026ንና 2027ን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነጻ ነው፤ ወኪሉም ስኮት ቦራስ ነው። የቦራስ ደንበኞች ገበያ ሳይወጡ ፊርማ ሲያኖሩ አይታችኋል? በጣም ጥቂት ናቸው።

ታዲያ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ዋንጫ እናነሳለን ብሎ የሚምል ሰው ካለ እዚህ ይጻፍልኝ። የለም። እንግዲያው ዋጋ ሳለው መሸጥ ነው።

ደግሞ የመክፈቻውን ዕለት ብቻ አትንገረን። ዓመቱን የጨረሰው በ5 ድልና በ15 ሽንፈት፣ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 4.17 ነጥብ እየተቆጠረበት ነው። እስከ ጁላይ ኮከብ ነበር፣ የኮከቦች ጨዋታ ላይም ተጠራ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየህም ወይስ ማየት አልፈለግህም?

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር። ጎርን ራሱን ከየት አገኘነው? በ2022 ኮከባችንን ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ሸጠን አይደለም?

የቀኝ መስክ ወንበር

አምስት ድል ያገኘው የሚመታለት ስላልነበረ ነው። ወርዋሪን በድልና ሽንፈት መመዘን ዘበኛን በባንኩ ትርፍ እንደ መመዘን ነው።

ስለ ሶቶ አንተው ካነሳኸው ከዚያ አንድ ዓመት በፊት የሆነውንም አብረህ ጥቀስ። በጁላይ 2021 ማክስ ሸርዘርንና ትሬይ ተርነርን አንድ ላይ ለዶጀርስ ሰጥተን አራት ልጆች ተቀበልን። ሁለቱ ከዚህ ግባ የሚባል ነገር ሳያደርጉ ጠፉ። ኬይበርት ሩዊዝ የስምንት ዓመት የ50 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ዘንድሮ በጭንቅላት ጉዳት ከሜዳ ራቀ። ግሬይ አንድ ጊዜ የኮከቦች ጨዋታ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ክርኑ ተበጠሰ። ለሁለት የምርጥ ምርጦች! ተስፈኛ ተጫዋች ማለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

የአርሰናል ስደተኛ

ይቅርታ፣ እኔ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ወደ ሜዳ እየወሰዱኝ ነው ቤዝቦልን የለመድኩት። እስካሁን ካነበብኩት ያልገባኝ ነገር አለ። ጎር ቢሸጥ ሒሳቡ ስንት ሚሊዮን ነው? ሁላችሁም ዝውውር ዝውውር ትላላችሁ፣ ዋጋውን ግን ማንም አይጠራም።

ቁጥር አይዋሽም

እንኳን ደህና መጣህ። ይህ ጥያቄ እኔንም የመጀመሪያ ዓመት አሳብዶኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ሌሎቻችሁ የምታውቁት ከሆነ እለፉት።

እዚህ አገር እንደ እግር ኳሱ የዝውውር ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ልውውጡ ሰው በሰው ነው። ተጫዋቹ ከእነ ውሉ ይሄዳል፤ በምትኩ ሌሎች ተጫዋቾች፣ ብዙ ጊዜ ስማቸውን ማንም ያልሰማ ታዳጊዎች፣ ይመጣሉ። አንዳንዴ ጥቂት ገንዘብ ይጨመራል፣ እሱ ግን የሂሳብ ማቻቻያ ነው። ጎርን የሚፈልግ ቡድን ገንዘቡን ይዞ አይመጣም፤ ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስገርምሃል። ተጫዋቹ አይጠየቅም። እግር ኳስ ላይ ተጫዋቹ ካልተስማማ ዝውውሩ ይፈርሳል። እዚህ ግን ጠዋት በዋሽንግተን ማልያ ይለማመዳል፣ ማታ ስልክ ይደወልለትና በነጋታው ሌላ ከተማ ነው። እምቢ ማለት የሚችለው በውሉ ውስጥ ያንን መብት ያስጻፈ ወይም አሥር ዓመት የተጫወተና የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ብቻ ነው። የሶቶ ልውውጥ ጊዜ ኤሪክ ሆስመር ወደ እኛ እንዲመጣ ተወስኖ ነበር። በውሉ ላይ መብት ስለነበረው "ዋሽንግተን አልሄድም" አለ፤ በእሱ ምትክ ሉክ ቮይት መጣ፣ ሆስመርም ወደ ቦስተን ሄደ። እኔ በግሌ አልተቀየምኩትም፤ ያን ዓመት እኔም መውጫ ቢገኝልኝ እወጣ ነበር።

ሦስተኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው። አንድ ተጫዋች ዋናው ሊግ ከደረሰ በኋላ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ነጻ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ደመወዙ ከዝቅተኛው ብዙም አይርቅም፤ ቀጥሎ በግልግል ዳኝነት እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ቡድኖች የሚገዙት ሰውየውን ብቻ ሳይሆን የቀሩትን ዓመታት ጭምር ነው። ጎር ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በሚቀጥለው ክረምት አንድ ዓመት ይቀረዋል፤ ያኔ የሚሰጡን ልጆች ቁጥርም ጥራትም ይቀንሳል። የ"አሁን ሽጡት" ወገን ጉልበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ።

የአርሰናል ስደተኛ

ሰው በሰው! እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ልጅ ሳለን ብይ እንደምንለዋወጠው ማለት ነው። አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ግን የማይታወቅ ታዳጊን ማን ነው የሚመዝነው?

ቁጥር አይዋሽም

መልማዮች። ከ20 እስከ 80 ባለው ሚዛን እያንዳንዱን ችሎታ ለብቻው ይመዝናሉ፤ 50 ማለት የዋናው ሊግ መካከለኛ ነው። ጄምስ ዉድን ውሰደው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአንድ ሴንቲ ነው፣ የተወለደው እዚሁ ሮክቪል ነው፣ በሶቶ ልውውጥ ስንቀበለው ገና 19 ዓመቱ ነበር። ጉልበቱን ማንም አልተጠራጠረም። የተጠራጠሩት እንዲህ ረጅም ሰው ውስጥ ለውስጥ የሚመጣ ፈጣን ኳስ ላይ ይደርሳል ወይ የሚለውን ነው። ዘንድሮ 31 ሆም ረን መታ፤ 221 ጊዜ ደግሞ በስትራይክ ወጣ፣ የማርክ ሬይኖልድስን የ223 ክብረ ወሰን ለጥቂት ሳተው። ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር ማለት ነው።

ጋሽ ታክሲ

ልጆቼ፣ ንግግራችሁን እየተከታተልኩ ነው። እኔ ይህን ቡድን የማውቀው በመኪናዬ ሬዲዮ ነው። ከ2005 ጀምሮ፣ ከሞንትሪያል ከመጣ ጀምሮ። ሜዳው ውስጥ የገባሁት ከስድስት ጊዜ አይበልጥም፤ በር ላይ ግን ሺህ ጊዜ ቆሜአለሁ።

እናንተ ስለ ልውውጥ ትጨቃጨቃላችሁ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የተራ ጉዳይ ነው። በ2012 ወርዋሪያችን ስቲቨን እስትራስበርግ ከክርን ቀዶ ሕክምናው በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ ቡድኑ ከሁሉም በላይ እየመራ ሳለ፣ "159 ኢኒንግ በቃው" ተብሎ በሴፕቴምበር እንዲቀመጥ ተደረገ። ከሐኪም ተማክረናል አሉ። መልካም። ከዚያ የጥሎ ማለፉ አምስተኛ ጨዋታ መጣ፣ ከቅዱስ ሉዊስ ጋር። በሦስት ኢኒንግ 6 ለ 0 መራን። እኔ በሳውዝ ካፒቶል በኩል መኪናዬን አቁሜ ተሳፋሪ እጠብቃለሁ፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌዋለሁ፣ የፊት ለፊቴ ሾፌርም የኛው አገር ሰው ነው፣ ሲመሩ ወጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ 7 ለ 5 እየመራን አንድ ስትራይክ ብቻ ሲቀር፣ አንድ ብቻ፣ ነገሩ ተገለበጠ። 9 ለ 7 ተሸነፍን። እኩለ ሌሊት አልፎ ሕዝቡ ሲወጣ አንድም ሰው አይናገርም። የጫንኳቸው አባትና ልጅ ነበሩ፤ እስከ ቤተስዳ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሲወርዱ አባትየው ከሒሳቡ በላይ ሃያ ዶላር ጨምሮልኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። ለቅሶ ቤት ደርሼ የተመለስኩ መሰለኝ።

ያን ሌሊት እስትራስበርግ ወንበር ላይ ጃኬት ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ የወጣት ክንድ እናስቀምጥ፣ ለወደፊት እናቆይ ሲባል ስሰማ ሆዴ ይባባል።

ሁለተኛ ቤዝ

ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ሲጽፉ መከራከር ይከብዳል፤ ግን ልሞክር። በ2019 ዋንጫውን ስናነሳ የወርልድ ሲሪስ፣ የሊጉ ፍጻሜ፣ ምርጥ ተጫዋች ማን ነበር? ያው እስትራስበርግ። በ2012 ባይቀመጥ ኖሮ እስከ 2019 ክንዱ ይቆይ ነበር የሚለውን ማን ያውቃል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ይመልከቱ። በዚያው ዲሴምበር የሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ከፈረመ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ስምንት! ነርቩ ትከሻና አንገቱ መካከል እየተጨመቀ እጁ ደነዘዘ፣ በ2024 ጡረታ ወጣ። ለዚህ ነው ወርዋሪን በጊዜው ሽጡ የምለው። ክንድ እንደ መሬት አይደለም፤ እያደረ ዋጋው አይጨምርም።

ጋሽ ታክሲ

ልጄ፣ ያስቀመጡት ለ2019 ብለው ከሆነ እኔ ዛሬ አጨበጭብላቸዋለሁ። ያኔ ግን እንዲያ አላሉም። ያኔ ያሉት "በየዓመቱ እዚህ እንመለሳለን" ነው። ይህችን ነው ያልወደድኳት።

የኦሪዮልስ ሰላይ

ከባልቲሞር ሰላምታ። ቤታችሁ ጠብ ሲኖር ደስ ስለሚለኝ ገብቻለሁ።

ቁም ነገሩን ልናገር። ተስፈኛ ታዳጊ ማከማቸት ከሆነ ነገሩ እኛን የሚያህል አልነበረም። ዓመታት ሙሉ ተሸንፈን ልጆች ሰበሰብን፤ በ2023 በ101 ድል ዓመቱን ጨርሰን በጥሎ ማለፉ ቴክሳስ 3 ለ 0 ጠረገችን። ምን ጎደለን? ከፋች ወርዋሪ፣ ጨዋታውን የሚጀምር። በፌብሩዋሪ 2024 ኮርቢን በርንስን ከሚልዋኪ በሁለት ተጫዋችና በአንድ የድራፍት (አዳዲስ ታዳጊዎችን በየተራ የመምረጥ) ዕድል አመጣነው። አንድ ዓመት ድንቅ ሆኖ ወረወረልን፣ ዓመቱ ሲያልቅ በ210 ሚሊዮን ዶላር አሪዞና ሄደ። አለቀስን። ከዚያ በጁን 2025 የእሱም ክርን ተበጠሰ። ያለቀሱት የአሪዞና ሰዎች ሆኑ።

እኛ ደግሞ ወርዋሪ ሳንተካ በ2025 ከምድባችን መጨረሻ ላይ ተቀመጥን፤ ልጆቹ ሁሉ በእጃችን እያሉ። ስለዚህ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል። መልካም ምሽት።

የቀኝ መስክ ወንበር

ይህን ሰው ማን አስገባው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የክርን ነገር ሲበዛብኝ አላስቻለኝም። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ይወረውራል፣ ጥሩ ነው ይሉኛል። የሠፈሩ ቡድን አሠልጣኝና የሌላ ተጓዥ ቡድን አሠልጣኝ ሁለቱም ይፈልጉታል፤ ባለፈው መኸር ቅዳሜ ለአንዱ፣ እሑድ ለሌላው ወረወረ። ሰኞ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ በቀኝ እጁ ሲያነሳ ፊቱ ተኮማተረ። ምንም አላለኝም፣ እኔ ግን አየሁት። አባቱ "ኳስ ነው፣ ይለምደዋል" ይላል። እናንተ ስለ ትልልቆቹ ታወራላችሁ፤ የትንንሾቹስ ተራ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

ቁጥር አይዋሽም

እህቴ፣ ይህ ከጎር ይበልጣል።

ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ85 ውርወራ በላይ አይፈቀድም። ከዚያም ዕረፍቱ እንደ ቁጥሩ ይለያያል፤ ከ20 በላይ ከወረወረ አንድ ቀን፣ ከ35 በላይ ሁለት ቀን፣ ከ50 በላይ ሦስት ቀን፣ 66ና ከዚያ በላይ ከሆነ አራት ቀን ሙሉ። ችግሩ እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚቆጥረው የራሱን ብቻ መሆኑ ነው። የቅዳሜው 60 እና የእሑዱ 50 ለሁለቱም "በልክ" ይመስላቸዋል፤ ለልጁ ክንድ ግን በሁለት ቀን 110 ነው። ስለዚህ ቆጣሪዋ አንቺ ሁኚ። ትንሽ ደብተር ያዢ፣ ለሁለቱም አሳዪያቸው።

ሕመሙ ካለ ደግሞ መወርወር ያቁምና ሐኪም ይየው። በዚህ ዕድሜ የአጥንቱ ጫፍ ገና እያደገ ስለሆነ የሚጎዳው ከጅማቱ በፊት እሱ ነው።

ጋሽ ታክሲ

ልጄ፣ ለባልሽ ሰላምታ አቅርቢልኝና ይህን ንገሪው። ቶሚ ጆን የሚባለውን ቀዶ ሕክምና ሁሉም እንደ ጥርስ ማስነቀል ያቀለዋል። ቶሚ ጆን በ1974 ክርኑ ሲበጠስ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላኛው እጁ ጅማት ወስዶ ተከለበት። ተመልሶ ከዚያ በኋላ 164 ጨዋታ አሸንፏል፤ እሱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፣ ሥራውም ይኸው ነው። ያንቺ ልጅ ነገ የሒሳብ ፈተና አለበት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብተሩን ነገ እገዛለሁ። ለአባቱ ደግሞ ይህን ገጽ እንዳለ አነብለታለሁ።

ሁለተኛ ቤዝ

ወደ ጉዳያችን ልመልሳችሁ። ቶቦኒ መሸጥ እንደማይፈራ አሳይቶናል፤ ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታ የሚዘጋልንን ወርዋሪ ሆሴ ፌሬርን ለሲያትል ሰጥቶ ሃሪ ፎርድን አመጣ። ተቀባይ ነው፣ በ2021 በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ። ለአንድ ተቀያሪ ወርዋሪ! እኔ ይህን ልውውጥ ዕድሜ ልኬን እቀበላለሁ። ለፌሬር ይህን ያህል ከከፈሉ ለጎር ምን እንደሚከፍሉ አስቡት።

የቀኝ መስክ ወንበር

ፌሬር 98 ማይል ይወረውር ነበር፣ በግራ እጁ፣ አራት ዓመትም ቀርቶት ነበር። "አንድ ተቀያሪ ወርዋሪ" አትበለው።

ፎርድን ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ተቀባዩ ማንን ነው የሚቀበለው? ጓንት ይዞ ተቀምጦ የሚወረውርለት ሰው ይፈልጋል።

ቁጥር አይዋሽም

የሚወረውርለት ሰው ከታች እየመጣ ነው ይባል ነበር። ሁለቱ ትልልቅ ተስፋዎቻችን ትራቪስ ሳይኮራና ሃርሊን ሱሳና ነበሩ። ሱሳና በሶቶ ልውውጥ የመጣ ነው፤ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ይወረውራል። በአንድ በጋ ሳይኮራ በክርኑ፣ ሱሳና ከብብቱ ሥር ባለው ትልቁ ጡንቻው፣ ሁለቱም ቢላዋ ሥር ገቡ። ስለዚህ "ጎርን ሽጠን በታዳጊ ወርዋሪዎች እንተካው" የሚለው ሐሳብ ቢያንስ እስከ 2027 አይሠራም። እኔ ብሆን ጎርን ስሸጥ መቺዎችን እጠይቃለሁ። ወርዋሪ በወርዋሪ መለወጥ ክርን በክርን መለወጥ ነው።

አምስተኛውን ቀን ማን ይሞላል ለሚለው፣ ስድስት ሰው የሚሽከረከርበት ተራ መሞከር ይቻላል። ጃፓኖች በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚወረውሩት። ግሬይና ካቫሊ ከቀዶ ሕክምና የተመለሱ ስለሆነ አንድ ቀን ትርፍ ዕረፍት ቢያገኙ ማንም አይጎዳም። በ96 ሽንፈት ላይ የምንጠነቀቅለት ነገር የለንም።

ጋሽ ታክሲ

ስለ ልውውጥ አንድ የቆየ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ይህ ቡድን ሞንትሪያል ሳለ የሆነ ነው። በ2002 ቡድኑ ሊፈርስ ነው እየተባለ ሳለ የወቅቱ ኃላፊ ኦማር ሚናያ ለአንድ ዓመትም ቢሆን ዋንጫ እንሞክር ብሎ ባርቶሎ ኮሎንን ከክሊቭላንድ አስመጣ። ኮሎን አሥር ጨዋታ አሸነፈ። ጥሩ። የተሰጡት ልጆች ግን ክሊፍ ሊ፣ ግሬዲ ሳይዝሞርና ብራንደን ፊሊፕስ ነበሩ። ሦስቱም የኮከቦች ጨዋታ ላይ የደረሱ ሰዎች ሆኑ፤ ለሌላ ቡድን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የቀኝ መስክ ወንበር

ጋሼ፣ ይህ እኮ የእኔን ሳይሆን የሁለተኛ ቤዝን ክርክር ነው የሚያግዘው።

ጋሽ ታክሲ

አውቃለሁ ልጄ። እኔ የማንም ወገን አይደለሁም።

ሁለተኛ ቤዝ

አንድ ጊዜ ደግሞ እኛ ከሌላው የወሰድንበት ቀን ነበር። በዲሴምበር 2014 ስቲቨን ሱዛን ሰጥተን ከሳን ዲዬጎ ጆ ሮስንና "ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ተጫዋች" አገኘን። ስሙ ወደፊት የሚገለጸው ትሬይ ተርነር ነበር! በዚያው ዓመት የተመረጠ ስለሆነ በወቅቱ ደንብ አንድ ዓመት ሳይሞላው መለወጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ የሁሉም ሰው ጆሮ ያወቀውን ምስጢር ይዞ ስድስት ወር ያህል ለማይፈልገው ቡድን ታችኛው ሊግ ተጫወተ። ለዚያ ቡድን ባቡር ጣቢያ ላይ እንደ ቀረ ሻንጣ ነበር። በኋላ ደንቡን በእሱ ምክንያት ለወጡት።

የአርሰናል ስደተኛ

ለመሆኑ ዘንድሮ አንደኛ የመረጥነው ልጅስ? ኢላይ ዊሊትስ አይደለም ስሙ? ሲመረጥ 17 ዓመቱ ነበር ሲሉ ሰምቼ ገረመኝ።

ቁጥር አይዋሽም

እሱ ነው። ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆም)፣ ከኦክላሆማ፤ አባቱ ሬጂ ዊሊትስም ለኤንጀልስ የተጫወተ ነው። በዚያው ቦታ የሚጫወተው ሲጄ ኤብራምስ እስከ 2028 የእኛ ነው፣ ዊሊትስም በዚያ አካባቢ ቢደርስ ይደርሳል። በ2023 ድራፍት ሁለተኛ መራጭ ሆነን ዲላን ክሩዝን ስንወስድ አንደኛ የነበረችው ፒትስበርግ ፖል ስኪንስን ወሰደች። ስኪንስ ዘንድሮ የምርጥ ወርዋሪውን የሳይ ያንግ ሽልማት በላ። ክሩዝ ገና መንገዱን እየፈለገ ነው። በአንድ ዕጣ ልዩነት እኛ ዛሬ ስለ ጎር ባልተጨቃጨቅን ነበር።

ሁለተኛ ቤዝ

እሱን አታንሳብኝ። እራት አልበላም።

የቀኝ መስክ ወንበር

ረቡዕ ማታ ነው። ስብሰባው አልቋል፣ ሰዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወጥተዋል፣ ጎር አልሄደም። አልሄደም ማለት ግን አይሄድም ማለት አይደለም፤ ክረምቱ ገና ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልተኛ። ቁም ሣጥኔ ውስጥ የሃርፐር፣ የተርነርና የሶቶ ማልያ ተሰቅሏል። ባለቤቴ "የሄዱ ሰዎች ልብስ" ትለዋለች፣ የጎርን እንዳልገዛም አስምላኛለች። ዛሬ ከሥራ ስወጣ አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገባሁ፤ ቁጥር 1፣ ነጩ፣ የጎር፣ በግማሽ ዋጋ ተሰቅሏል። ሻጩን "ለምን ቀነሰ?" ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ፣ "ከላይ ታዘዝን" አለኝ።

ሁለተኛ ቤዝ

ይኸውልህ! ከቶቦኒ በፊት ሱቁ ያውቃል።

ጋሽ ታክሲ

ገዛኸው?

የቀኝ መስክ ወንበር

መኪናዬ ውስጥ ነው፣ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር።